በመጀመሪያው አልበም መጨረሻ ላይ ያለችው ወፍ

ሰኞ፣ 4

ተጀመረ። የልጄ አምስተኛ አልበም የሚቀረጸው በኔ ሳሎን፣ በኔ ፒያኖ ነው። ይህን ሳልጽፍ ብውል እጄ ያሳክከኝ ነበር።

ስቱዲዮ ጠፍቶ አይደለም። ስንቱ «እኛ ጋ ነይ» እያለ ይለምናታል። እሷ ግን «የመጀመሪያውን እዚያ ቀረጽኩ፣ አምስተኛውንም እዚያው» አለች፤ በቃ፣ አለቀ። ቀረጻውን የሚይዝላት ያው ባለማዳመጫው ነው። ስም አጥቶ አይደለም፤ ያን ማዳመጫ ከአንገቱ ሲያወርድ አይተነው ስለማናውቅ እኔና ባለቤቴ ያወጣንለት ነው። ጠዋት ሽቦውን ተሸክሞ ገባና ሳሎኑን ተበተበው። ባለቤቴ ከወንበር ወደ ጓዳ ለመሄድ ገመድ እንደሚዘል ልጅ እየዘለለች ነው።

ሌላም ሥራ ይዘዋል። የቀድሞዎቹ አራት አልበሞች ከኋላቸው ከሚሰማው ሽውታ ጠርተው ከአምስተኛው ጋር አንድ ላይ ሊወጡ ነው። የልጄ ሥራ በሙሉ በአንድ ካርቶን! ባለማዳመጫው ሲነግረኝ እንዳልገባኝ ሆኜ ሁለቴ አስደገምኩት፤ መስማት ደስ ስላለኝ ነው።

እኔ ፒያኖ ቃኚ ነኝ። ዕድሜዬን ክር ሳጠብቅና ሳላላ ኖሬአለሁ። በአራቱም አልበሞች ጀርባ፣ ከታች፣ በደቃቅ ፊደል «ፒያኖውን የቃኘው፦ አባቴ» ይላል። እኔ ባልቃኘሁት ፒያኖ ልጄ ቀርጻ አታውቅም። ይህን አፌን ሞልቼ እናገራለሁ።

ወደ ቤቷ ልትሄድ ስትል በሩ ላይ ቆም አለች።

«አባዬ፣ ዘንድሮ ባትቃኘውስ? እንዲሁ እንዳለ ደስ ይለኛል።»

ሳቅሁባት። ያልተቃኘ ፒያኖ ላይ፣ የኔ ልጅ? ድንቄም! ሐሙስ እቃኘዋለሁ አልኳት። ጉንጬን ሳመችኝና ሄደች።

ሐሙስ፣ 7

ቃኘሁ። ጠዋቱን ሙሉ ፈጀብኝ። ላይኞቹ ቀጫጭን ክሮች እንደ ድሮው አይታዘዙም፤ ዝገት ይሆናል። ደህና ክር የሚሠሩ ሰዎች ድሮ ቀሩ።

ባለቤቴ ከገበያ መጥታ ደጅ ቆማ ቀረች። «ደወሉን ስጫን ስጫን ጣቴ ቀጠነ» ትላለች። ባትሪው ደክሞ ነው። ቅዳሜ እቀይረዋለሁ።

ቅዳሜ፣ 9

አዲሶቹን ዘፈኖች ዛሬ አሰማችን። አንዱ ጃንጥላ ተውሳ ሳትመልስ ስለቀረች ሴት ነው። አንዱ ከማታውቀው ሰው ጋር አሳንሰር ውስጥ ስለተዘጋባት። እስቲ ማን ስለ አሳንሰር ይዘፍናል? የኔ ልጅ! ሌላው ዘፋኝ «ሆዴ፣ ዓይኔ» ሲል እሷ «ስንተኛ ፎቅ ነዎት?» ብላ ትጀምራለች፤ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ስትደርስ እንባህ ከየት እንደመጣ አታውቅም።

አጨዋወቷም በስሏል። ድሮ ከግራ ተነስታ እስከ ቀኝ ጥግ እንደ ሚዳቋ ትዘል ነበር። አሁን ከመሐል አትርቅም። ቀጭኑ ድምፅ ያለበት ላይኛው ጥግ ላይ አንዴም ጣቷን አላሳረፈችም። ቁጥብነት ይሉሃል ይህ ነው። በዕድሜ ነው የሚመጣው።

ኮሪደሩ ላይ ባለማዳመጫው «እዚህች ጋ ወደ ላይ ብትወጪ እኮ ዘፈኑ ይበራል» ሲላት ሳልፍ ሰማሁት። «አውቃለሁ። አልወጣም፣ ተወው» አለችው። እሰይ! ልጄን ፒያኖ ልታስተምር ነው ወይ ልለው ነበር፣ ምሳ ቀረበ።

ሁለቱም ሲያወሩ ያንሾካሹካሉ። የዘመኑ ሰው ድምፁን የት እንደጣለው እንጃ።

የደወሉን ባትሪ ቀየርኩ። አሁንም ደካማ ነው። ደወሉ ራሱ ነው ችግሩ።

ማክሰኞ፣ 12

ዝናብ። ጣራው ላይ የሚወርደው ማይኩ ውስጥ ስለሚገባ ቀረጻ የለም። አልበሞቹን ከመደርደሪያ አውርጄ ወለወልኳቸው። የማንን ልጅ ሥራ እንደምወለውል ለማን ልንገር?

የመጀመሪያው «መስኮቱን ተዉት» ነው። እዚሁ ሳሎን ነው የተቀረጸው፣ በአንድ ካሴት መቅረጫ። ሙቀት ነበር፤ መስኮቱ ተከፍቷል። የመንገዱ ድምፅ እንዳይገባ ልዘጋው ስነሳ «መስኮቱን ተዉት!» ብላ ጮኸችብን፤ የአልበሙ ስም ከዚያ መጣ። የመጨረሻው ዘፈን አልቆ እጇ ገና ከፒያኖው ሳይነሳ አንዲት ድምቢጥ የምታክል ወፍ መስኮቱ ላይ አርፋ ሁለቴ ጮኸች። ቀጭን፣ እንደ መርፌ። ካሴቱ ያዛት። ያን አልበም የሚወዱ ሰዎች እሷን ለመስማት ሲሉ ከመጨረሻው ቃል በኋላ አይነሱም። አንዲት ሴትዮ መንገድ ላይ አስቁማኝ «የወፏ አባት እርስዎ ነዎት?» ብላኛለች። አዎ አልኳት፣ ምን እላለሁ።

ሁለተኛው «ግርግር»። ከበሮ፣ ጊታር፣ ጡሩምባ፣ የሌለ ነገር የለም። ሰው ወዶታል። እኔ ግን ፒያኖውን ለማግኘት ባትሪ አብርቼ ነው የምገባው።

ሦስተኛው «ግራ እጅ»። ከደረጃ ወድቃ ቀኝ እጇ ጄሶ ውስጥ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ያርፋል። እሷ አልበሙን ከዳር እስከ ዳር በግራ እጇ ብቻ ተጫውታ ቀረጸችው። ይህ እልህ ከእናቷ ነው እላለሁ። እናቷ ካንተ ነው ትላለች። የሚያጣላን ሌላ ነገር የለም።

አራተኛው «ልብስ ማስጫ»፣ የዛሬ ሁለት ዓመት የወጣው። እንደሱ የተወደሰላት የለም። አንድ ጋዜጠኛ ብቻ «የፒያኖው ላይኛ ጥግ ሆን ተብሎ የተጣመመ ይመስላል፤ እርጥብ ብርጭቆ ሲመታ የሚሰማ ዓይነት እንግዳ ድምፅ አለው» ብሎ ጻፈ። ሳነበው ሳቄ መጣ። የተጣመመ? እኔ የቃኘሁት? ጆሮ ለሁሉም አልታደለም። ልጄ ግን አልሳቀችም፤ ጋዜጣውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሙዚቃ ቤት ገብቼ «የልጄ አልበሞች የት አሉ?» ስላቸው አንድ መደርደሪያ አሳዩኝ። የፍቅር አለ፣ የጭፈራ አለ፣ የድሮ አለ፤ ከዚያ ጥጉ ላይ «ሌላ» የሚል አለ። ልጄ እዚያ ናት። ባለቤቴ ስነግራት ተቀየመች። እኔ ደረቴን ነፍቼ ነው የወጣሁት። ልጄ ሌላ ናት!

እሑድ፣ 17

ደሜ ፈልቷል። እንደሆነው ልጻፈው።

ከምሳ በኋላ ባለማዳመጫው «የመጀመሪያውን አጥርቼ ጨርሻለሁ፣ ስሙልኝ» አለ። ተቀመጥን፤ እኔ፣ ልጄ፣ ባለቤቴ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ሠርቷል፤ የካሴቱ ሽውታ የለም። ያ የልጅነት ድምፅዋ ሲመጣ ወደ ስፒከሩ ጠጋ አልኩ። የመጨረሻው ዘፈን አለቀ። ባለቤቴ ሁልጊዜ እንደምታደርገው አንገቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ጠበቅሁ። ምንም። ማሽኑ ቆመ።

«ወፏስ?» አልኩ።

ልጄና ባለቤቴ ተያዩ።

«ወፏ የት ሄደች? ቆርጠህ ጣልካት?»

«ጋሼ፣ እኔ ምንም—»

«ጫጫታ መስላህ! ሽውታውን ስትጠርግ እሷንም አብረህ ጠረግሃት! ይህን አልበም አልበም ያደረገችው እሷ ናት እኮ! አንተ ሽቦ ጎታች!»

ማዳመጫውን ከአንገቱ አወረደው። አንገቱ ላይ ሰንበር አውጥቶበታል፤ ያለሱ አይቼው ስለማላውቅ ሌላ ሰው መሰለኝ። ልጄን አያት። ልጄ መሬት መሬቱን አየች። ከዚያ ቀና ብላ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ቃል በቃል፣

«ልክ ነህ አባዬ። ጠፍታለች። እንመልሳታለን» አለችኝ።

ይኸው! እሷ ልክ ነህ ካለች ልክ ነኝ። ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። ለወፏ አዝና ይሆናል።

ሰኞ፣ 18

ቤቴ የገባን እንግዳ ጮህኩበት። አሳፋሪ ነገር። ሽቦ ጎታች ማለት አልነበረብኝም። ልጁ ጨዋ ነው፣ አንድ ቃል አልመለሰልኝም።

ግን ወፏ።

ባለቤቴ ሰሃን እያጠበች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ «ወፏ እኮ ነበረች» አለችኝ።

«አንቺ ከልምድ ነው የሰማሻት። ዘፈኑን በቃልሽ ታውቂዋለሽ።»

«እሺ። ከልምድ ነው።»

ባለቤቴ ሳትከራከር እሺ ስትለኝ አልወድም። በኖርንበት ዘመን ሁሉ እንዲያ ያለችኝ ስታመም ብቻ ነው።

ረቡዕ፣ 20

ወፏ ተመለሰች! ባለማዳመጫው እያላበው ከፈተልኝ። ዘፈኑ አለቀ፣ ከዚያ «ኩርርር፣ ኩርርር» አለች። ጥርት አድርጌ ሰማኋት! ድምፅዋ ትንሽ ወፈረብኝ እንጂ።

«አድጋለች» አልኩት። ሳቅንና ታረቅን። ባለቤቴ ሳል ያዘኝ ብላ ወደ ጓዳ ሮጠች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ለጉንፋኗ ማር ገዛሁላት።

ዓርብ፣ 22

ልጄና እናቷ ተባብረው ከቤት አስወጡኝ። ባለቤቴ ድንገት አዲስ መጋረጃ አማራት። መጋረጃ! ሱቅ ለሱቅ ስታዞረኝ ዋለች፤ ሁሉንም በእጇ እያሸች «ይሄ ሳሳ፣ ይሄ ከበደ» ስትል ቆይታ ባዶ እጃችንን ተመለስን።

የፒያኖው ክዳን እኔ እንደምዘጋው አልተዘጋም። ከፈትኩት። በላይኞቹ ክሮች መሐል አንድ ቁራጭ የሱፍ ጨርቅ ተሰክቶ ቀርቷል። አንዱን ክር ስንቃኝ ጎረቤቱ እንዳይጮህ የምናፍንበት ነው። የኔ ቀይ ነው። ሥራ ከጀመርኩ ጊዜ አንስቶ ቀይ ነው። ይሄ አረንጓዴ ነው። አረንጓዴ የሚጠቀም አንድ ሰው አውቃለሁ፤ ሥራውን ያስተማርኩት እኔው ነኝ።

የሌላ ሰው እጅ። በኔ ፒያኖ።

ጨርቁን ኪሴ ከተትኩ፣ መፍቻዬን አነሳሁ፣ እሱ የነካውን ሁሉ ወደ ቦታው መለስኩት። ባለቤቴ ጓዳ በር ላይ ቆማ እጇን አፏ ላይ አድርጋ አየችኝ። ትየኝ።

ቅዳሜ፣ 23

ሽበቶ ጋ ሄድኩ። ገና በሃያዎቹ ሽበት ስለወረረው ነው ሽበቶ ያልኩት። ዛሬ የራሱ የፒያኖ መጠገኛ ቤት አለው፤ በሩ ላይ ስሙ በትልቁ ተጽፏል። አረንጓዴውን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ጣልኩለት።

«ዕቃህን ረስተህ ሄድክ።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «ጋሼ፣ ልጅዎ ለምናኝ ነው። ላይኛውን ጥግ ብቻ ነው የነካሁት።»

«የኔ ላይኛ ጥግ ምን ሆነና?»

«ምንም… እርጥበት ነው ጋሼ። ዝናቡን አያዩትም?»

«እርጥበት! እርጥበቱን እኔ አልሰማውም? ከማን የተማርከውን ነው ለማን የምታስተምረው?»

አጠገቡ አንድ ፒያኖ ተከፍቶ ቆሟል። ቀኝ ጥግ ያለውን፣ የመጨረሻውን ነጭ ቁልፍ፣ ሁለቴ መታሁት። «ይኸው፣ ያንተንም ልንገርህ። ይሄ ጥቂት ከፍ ብሏል። አውርደው።»

ሽበቶ ፒያኖውን አየ፣ እኔን አየ።

«እሺ ጋሼ። አወርደዋለሁ» አለኝ በመጨረሻ። ትከሻዬን ያዝ አድርጎ እስከ በር ሸኘኝ። ድሮ ሲሸኘኝ ትከሻዬን ይዞኝ አያውቅም።

ልወጣ ስል የሥራ ጠረጴዛው ላይ ዓይኔ አረፈ። ከዚያ ፒያኖ የተነቀሉት መዶሻዎች፣ ክሩን የሚመቱት ትናንሾቹ እንጨቶች፣ ሙጫቸው እስኪደርቅ በተራ ተደርድረዋል። የላይኛው ጥግ መዶሻዎች ናቸው። መዶሻው የተነቀለ ቁልፍ ድምፅ አያወጣም።

ይህን ለምን እንደምጽፍ አላውቅም።

እሑድ፣ 24

ራሴን አሞኛል ብዬ ተኛሁ። አላመመኝም።

ማክሰኞ፣ 26

ባለቤቴ እህቷ ጋ ሄደች። ቤቱ የኔ ብቻ ሆነ። «ልብስ ማስጫ»ን ከፈትኩና መዳፌን ስፒከሩ ላይ አሳረፍኩ።

መሐሉ አለ። በእጄም በጆሮዬም አገኘሁት። ታችኛውማ ደረቴን መታኝ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ልጄ ወደ ላይ የምትወጣበት ቦታ አለ፤ አውቀዋለሁ፣ ስትጽፈው አጠገቧ ነበርኩ። እዚያ ስደርስ በጨለማ ደረጃ ሲወርድ የመጨረሻው ደረጃ እንደጠፋበት ሰው ሆንኩ። እግሬን ሰደድኩ፣ ምንም የለም። መልሼ ከፈትኩት። መልሼ። ምንም የለም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ስለ ሐሜት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

እንግዲያው ያ ጋዜጠኛ ልክ ነበር። አጣምሜዋለሁ። ልጄም ያኔውኑ ሰምታዋለች፤ እሷ የማትሰማው ምን አለ? ሌላ ቃኚ ልታመጣ ትችል ነበር። ጋዜጣውን አጥፋ ቦርሳዋ ከተተችው፣ ስሜንም ከታች ጻፈችው።

ዘንድሮ ደግሞ ምን አደረገች? የኔ ጥፋት እንዳይሰማ ከገዛ ፒያኖዋ አንድ ጥግ ቆርጣ ጣለች። እኔ ቁጥብነት እያልኩ ሳደንቅላት የነበረው ይህን ነው። ቀኝ እጇ ተሰብሮ እንኳ ከሥራዋ ያልቀረች ልጅ፣ ለኔ ስትል ክንፏን ሰበሰበች። «ዘንድሮ ባትቃኘውስ?» ስትለኝ ሳቅሁባት። ሽበቶ ያስተካከለላትን ደግሞ በገዛ እጄ አበላሸሁባት።

ካርቶን ሙሉ ሥራዋ ሊወጣ ነው። አምስተኛው በኔ ኩራት የተነሳ ግማሽ ፒያኖ ሆኖ ሊቀር ነው። አፈር በበላሁ!

ረቡዕ፣ 27

ቀድማ መጣች። ባለማዳመጫው ሳይደርስ ፒያኖው ጋ ጠራኋት።

«ላይኛውን ጥግ ንኪው» አልኳት።

«አያስፈልገኝም አባዬ።»

«ንኪው አልኩሽ።»

አንዱን ነካችው። ጣቷ ሲወርድ አየሁ። ዘወር ብላ አየችኝ። «ልክ ነው» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ምላስ ልማዱን አይተውም። ዋጥኩት።

«አልሰማሁትም» አልኳት።

እዚህ ስጽፈው አጭር ቃል ነው። ከአፌ ሲወጣ ግን ወንበር ይዤ ነው የቆምኩት።

አልደነገጠችም። ያ ነው የባሰው፣ አልደነገጠችም። ተነስታ አቀፈችኝ። ከእናቷ ሆድ ከወጣች ጀምሮ እኔ ነበርኩ የማቅፋት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ከልብስ ማስጫ።»

«እና ዝም አልሽ?»

«ምን ልበልህ? ጆሮ የሰጠኸኝ አንተ ነህ። ጆሮህ ደክሟል ብዬ በየትኛው አፌ ልንገርህ?»

አንጀቴን በላችው። ግን ጠንከር አልኩ። «ሽበቶን ጥሪው። ከላይ እስከ ታች እሱ ይቃኝልሽ። ስሜም ይቅር። አልበሙ ከኔ ይበልጣል።»

«ሽበቶ ጎበዝ ነው» አለች፣ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። «እሱ ይቃኘውና ልክ ይሆናል። ግን ያን ፒያኖ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ባንተ እጅ ነው። እጅህስ?»

«እጄ ምን ሆነ?»

«እጅህም ደንቁሯል?»

«ምን ቆርጦት!»

«እንግዲያው አንተ ታዞራለህ፣ እኔ እሰማለሁ።»

ቅዳሜ፣ 30

ቃኘን። እኔና ልጄ።

ክር የተጠመጠመበትን ካስማ ማዞር ለሚያየው ቀላል ነው። ጥቂት አሳልፈህ፣ መልሰህ፣ እንጨቱ ሲይዘው በክንድህ ካልተሰማህ ነገ ይላላል። ይህን ጆሮ አያውቀውም፣ እጅ ነው የሚያውቀው። እጄ አንዲት ካስማ አልሳተም። ያስቸገረችኝ አለቃዬ ናት።

«ከፍ» ትላለች።

«ምን ያህል?»

«ትንሽ።»

«ትንሽ የሚባል ቅኝት የለም!»

«አባዬ፣ ዝም ብለህ አዙር! …አለፍክ! አለፍክ አልኩህ እኮ፣ መልሰው!»

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» አልኩ ላናድዳት። ባለቤቴ ከጓዳ «ይበቃል! አንተ ኩራት ራቱ፣ ዛሬስ ታዘዝክ!» ብላ እልል አለች። ባለማዳመጫው ጥግ ቆሞ ይስቃል። ማይኮቹ ክፍት መሆናቸውን የነገረን ሲያልቅ ነው፣ መሠሪ!

በሱ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁ። ሽቦ ጎታች ስላልኩህ፣ ወፏንም ቆርጠሃል ስላልኩህ ይቅር በለኝ አልኩት። «ኧረ ጋሼ!» ብሎ የሚገባበት ጠፋው።

ባለቤቴ የጆሮ ሐኪም ቀጠሮ ይዛልኛለች። እሄዳለሁ አልኳት። «እሺ» አለች። ይሄኛው እሺ ደስ አለኝ።

ረቡዕ፣ 4

ቀረጻ። ለመጻፍ ጊዜ የለኝም፣ ግን ይሄ እንዳያመልጠኝ፦

የአሳንሰሩ ዘፈን ላይ፣ በሩ ሊከፈት ሲል፣ ልጄ ወደ ላይ ወጣች። ጣቶቿ ከመሐል ተነስተው እስከ ቀኝ ጥግ ሮጡ፤ እንደ ድሮዋ ሚዳቋ። ሽበቶን ጠርቼው ነበር፤ ግድግዳውን ተደግፎ ዓይኑን ጨፈነ። ባለማዳመጫው አፉን ከፍቶ ቀረ። ባለቤቴ ሻሿን ነከሰች። እኔ የሰማሁት እስከ መሐል ነው። የቀረውን ከፊታቸው አነበብኩት።

እኔ ነኝ ያዞርኩት። እያንዳንዷን ካስማ።

ሐሙስ፣ 19

የካርቶኑ ናሙና መጣ። አምስቱም አሉበት። አምስተኛው ሲከፈት መጀመሪያ የሚሰማው ዘፈን አይደለም፤ ኮሳሳ የሽማግሌ ድምፅ «ትንሽ የሚባል ቅኝት የለም!» ይላል፤ ከዚያ የሷ ሳቅ፤ ከዚያ ፒያኖው። ስሰማው ተቆጣሁ። ከዚያ አራት ጊዜ አስደገምኩት። ሐኪሙ የሰጠኝ መሣሪያ ለወሬ ጥሩ ነው፤ ደወሉም ምንም እንዳልሆነ ደርሼበታለሁ። ላይኛውን ጥግ ግን አይመልስም፤ ሐኪሙም እንዲያው ብሎኛል።

ጀርባውን ገለበጥኩት። ከታች፣ በደቃቅ ፊደል፦ «ፒያኖውን የቃኙት፦ አባቴ በእጁ፣ እኔ በጆሮዬ»።

መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁ። መነጽሩ ምንም አልነበረበትም።

«አንድ ነገር ቀርቷል» አልኩ። «ከመጀመሪያው አልበም ላይ ያቺን እርግብ አውጡልኝ።»

ባለማዳመጫው ቀላ። «እርግብ መሆኗን አውቀው ነበር?»

«ጆሮዬ ቢደክም እርግብና ድምቢጥ አልለይም?» አልኩት፣ ኮራ ብዬ። እዚህ ግን እውነቱን ልጻፍ፦ ባለቤቴ ትናንት ነው የነገረችኝ። ልጁ እኔ የምሰማው ወፍራም ድምፅ ያላት ወፍ ፍለጋ ጠዋት ጠዋት ማይክ ይዞ የቤቱ ጣራ ላይ ተኝቶ ነበር። አንተ ሽቦ ጎታች ያልኩት ልጅ።

«ግን አባዬ፣ እሷን ካወጣናት መጨረሻው ላይ ላንተ ምንም አይሰማህም» አለች ልጄ።

«አንቺ አውጪ። ዋናዋ ትበቃኛለች። አሁኑኑ ክፈቱት።»

እርግቧን አወጡና ከፈቱት። ያ ሳሎን፣ ያ ፒያኖ፣ ያ የልጅነት ድምፅ። የመጨረሻው ዘፈን እስኪያልቅ ስፒከሩን አላየሁም፤ ባለቤቴን ነበር የማያት። አለቀ። ለኔ ዝም አለ።

ባለቤቴ ፈገግ ብላ አንገቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«አለች» አልኳቸው።